የአባል ቁጥር አሥራ ሰባት ድምፅ

ኮዌሮ መንደር፣ ሲያያ
ኦገስት 14 ቀን 2023

ለውድ ጣውንቴ ለአዊቲ፣ ለኡዮማ ልጅ፤

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ከሰላምታው አስቀድሜ ልጻፈው። ባልሽ ኦጁኪ በተቀበረ ቀን እኔ ማንበብ እችል ነበር።

ይህን ስትሰሚ «እና ምን ይጠበስ?» ትዪ ይሆናል፤ አፍሽን አውቀዋለሁ። ግን ታገሺኝ። ደብዳቤውን የምታነብልሽ ልጅሽ አጁዋንግ ትመስለኛለች፤ አስተማሪ ሆናለች ብለውኝ ደስ ብሎኛል። አጁዋንግ ልጄ፣ ለእኔ አዝነሽ አንድም መስመር እንዳትዘይ። ለእናትሽ አዝነሽም እንዳትዘይ። እንዳለ አንብቢላት።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሞምባሳው ባሕር ሙቀት እንዴት ይዞሽ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጄ ኦዱር ኪሱሙ ከተማ ጭነት መኪና ይነዳል፤ ታናሹም አግብቷል። ቤትሽ ፈርሷል፤ እሱን አልደብቅሽም። በደጁ የተከልሽው ማንጎ ግን እንደ ጎረምሳ ነው፤ ዘንድሮም ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሆድ ቁርጠት ይዟቸው ከረመ። የወንድማማቾች ሚስቶች ሆነን ሳለ ጣውንቴ እያልኩ ስጠራሽ እንግዶች ግራ ሲጋቡ ትስቂ የነበረው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጆሮዬ ላይ ያለው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ባሌ ኦኬች የውኃ ማኅበሩ ጸሐፊ እንደነበር ታውቂያለሽ። የተራራው ምንጭ በቧንቧ ወደ መንደራችን ሲወርድ፣ ሁሉም ሰው ሰምቶ እንዲረዳው ብሎ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መተዳደሪያ ደንቡን በገዛ ቋንቋችን ጻፈው። አሥራ ዘጠኝ አንቀጽ ነበር። ኦኬች ሰው ፊት እንዳይደናቀፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቱን በቃላቱ ሥር እየጎተተ ጮክ ብሎ ይለማመዳል። እኔ ከኋላው ቆሜ የእሑድ ሸሚዙን በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። መጀመሪያ ደንቡ በቃሌ ገባ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዓይኔ ጆሮዬን ደረሰበት። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ነገር «የማኅበሩ አባል ማለት» የሚል ነው። ሌላው ሰው ፊደል በወንጌል ይጀምራል፤ እኔ በውኃ ደንብ ጀመርኩ።

ለኦኬች አልነገርኩትም። ሚስቱ ወረቀቱን እንደምታነብ ቢያውቅ የማኅበሩን ሣጥን ይቆልፈው ነበር። ደግሞም የራሴ ብቻ የሆነ ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበርና ይህን ወደድኩት።

ስለዚህ አንቀጽ አሥራ አራትን አውቀው ነበር። ይኸው፦ «ይህ ደንብ የሚሻሻለው ከስብሰባው ሃያ አንድ ቀን በፊት ለአባላት ሁሉ በጽሑፍ ከተነገረ በኋላ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲስማሙ ብቻ ነው።»

አሁን ወደ ቀብሩ ልመለስ። አንቺ እንደ መበለት ወጉ የኦጁኪን ጃኬት ለብሰሽ፣ አጁዋንግን ታቅፈሽ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠሻል። ከትውልድ አገርሽ ከኡዮማ ዘመዶችሽ ከበሮ ይዘው መጥተዋል። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ቀብር ላይ የማይፈጽመው ጉዳይ የለውም። እዚያው ይታረቃል፣ እዚያው ይጣላል፣ እዚያው ሚስት ያጫል። የመቃብሩ አፈር ገና ሳይደርቅ ሊቀመንበሩ ኦግዌኖ ተነሣ።

«ሕዝቡ ተሰብስቧል፣» አለ። «ሌላ ቀን ከምንጠራራ የውኃውን ነገር እዚሁ እንጨርስ። አባል ሲሞት የሚስቱ ቧንቧና ድምፅ ከባሏ ወገን ሚስት አድርጎ ለተረከባት ወንድ ይሁን። የሚረከባት ከሌለ ቧንቧው ይነሣ። የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።»

እጆቹን ቆጠርኳቸው። ስድሳ አንድ ነበሩ። የማኅበሩ አባላት ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ውኃችንን ቀምሰው የማያውቁት ወንድሞችሽ ሳይቀሩ፣ እንግዳ ባለቤቱን እምቢ አይልም ብለው እጃቸውን አወጡ። የታላቅ ወንድምሽን እጅ ስትመለከቺ አይቼሻለሁ። ኦኬችም ያውቅ ነበር፤ ብዕሩ አንዴ ቆም ሲል አይቻለሁ። ከዚያ ጻፈ። እኔ ሻዩን ይዤ ቆሜ ነበር። ቀዳሁ።

ቀጥሎ የሆነውን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሊረከብሽ የመጣውን ሰው፣ እንደ ልማዱ የመረከቡን ኮት በርሽ ላይ ሳይሰቅል መለስሽው። «ኮትህን ይዘህ ሂድ፤ የኦጁኪ ጃኬት ይበቃኛል» ያልሽው ዛሬም በመንደሩ ይወራል። በሳምንቱ ቧንቧሽን ቆረጡት። ባዶ ጀሪካን ይዘሽ ማሽላው ውስጥ መጣሽብኝ።

«የኦዱር እናት፣ ባልሽ ጸሐፊ ነው። ወረቀቱ እውነት እንዲህ ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ፊደል አልቆጠርኩ» አልኩሽ።

ሳቅሽ። «አይ እኛ፣ ሁለት ዕውሮች መንገድ ስንጠያየቅ» ብለሽ ጀሪካንሽን አንሥተሽ ሄድሽ። በወሩ መጨረሻ ሞምባሳ ገባሽ።

ከግቢሽ የነቀሉትን ቧንቧ ወደ እኔ ደጅ አመጡት። ቧንቧ ገና ካልደረሳቸው ቤቶች ለመስመሩ የሚቀርበው የእኔ ነው ተባለ። እምቢ አላልኩም። ብዙ ዓመት ኦኬችን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖርኩ። መፍራቱንስ ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ነበር፤ ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ውኃው ደጄ ድረስ ሲመጣ ደስ አለኝ። እውነቱ ይኼ ነው። በአንቺ ቧንቧ ልጆቼን አጥቤ አሳድጌአለሁ።

ኦኬች ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ ያኔ ዕድሜዬ ገፍቶ ስለነበር ኦግዌኖ ለልማዱ ያህል ኮቱን በሬ ላይ ሰቅሎ አሳደረና በማግሥቱ ወሰደው። ተረከባት ተባለ። ቧንቧዬ አልተነካም። ከዚያ ወዲህ ግን ጉባኤ ላይ ሁለት እጁን ያነሣል። «አንዱ የእኔ፣ አንዱ የኮቴ» ሲል ሰው ይስቃል። እኔም ስስቅ ኖሬአለሁ።

ይህ ሁሉ እንዲሁ ተሸፋፍኖ በቀረ ነበር። ግን ባለፈው ማርች አኬዮ የምትባል የጎረቤቴ ምራት ባሏ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተባት። ሁለት ሕፃናት አሏት። እሷም የሚረከባትን እምቢ አለች። ኦግዌኖ እስከ መከር ጊዜ ሰጣት፤ ከዚያ ቧንቧሽ ይነሣል አላት። በዚያው ሰሞን ከማኅበራት መዝገብ ቤት ወይዘሮ ኔኬሳ የሚባሉ ሹም መጥተው፣ ማኅበሮች ሁሉ ደንባቸውን መርምረውና አድሰው እንደገና መመዝገብ አለባቸው ብለው ነግረውን ሄዱ። ኦግዌኖ ነገሩን አቀለለው። «አሮጌውን ገልብጠን አዲስ ሽፋን እናለብሰዋለን፤ ለሴትዮዋም ዶሮ እናርድላታለን» አለ።

አኬዮ እኔ ዘንድ መጣች። ባዶ ጀሪካን ይዛለች። እንደ አንቺ ቢጫ ነው።

«እማማ፣ የማኅበሩ ሣጥን እርስዎ ቤት ነው አሉ። ወረቀቱ እውነት እንዲህ ይላል?»

ያው ጥያቄ ነው፤ ቃሉ እንኳን አልተለወጠም። «ፊደል አልቆጠርኩ» የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ግቢና ቁጭ በይ፤ ላንብብልሽ» አልኳት።

የኦግዌኖን ቅጂ ምስጥ በልቶታል፤ የእኔ የኦኬች ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ደህና ተቀምጧል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአንቀጽ አንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ለሁለት አየነው። አንቀጽ አሥራ አንድ አምስት አባላት ከፈረሙ ጉባኤ መጥራት ይችላሉ ይላል። አምስት ሴቶች ፈረሙ፤ የሁለቱ የጣት አሻራ ነው። ከሃያ አንድ ቀን በፊት ለሁሉም በእጄ ጻፍኩ። በጁላይ መጀመሪያ የአውቶብሱ ረዳት ያመጣልሽ፣ የላኪው ስም የሌለበት የስብሰባ ጥሪ የእኔ ነበር። ለምን እንደደረሰሽ ገርሞሽ ይሆናል። ያኔ ከዚያ በላይ ለመጻፍ ወኔ አጣሁ።

ጁላይ ሃያ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰብን። ከአንቺ በቀር ሠላሳ ስምንቱም መጡ። ወይዘሮ ኔኬሳም ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ዶሮ አልበሉም።

«እኔ ሳልጠራ ጉባኤ የሚጠራ ማነው?» አለ ኦግዌኖ።

«አምስት አባላት ነን።»

«የኦዱር እናት፣ ያንቺ ድምፅ እኮ እኔ ጋ ነው። አረፍ በይ፤ እናገርልሻለሁ።»

«ዛሬ እጄን ይዤው መጥቻለሁ፣ ሊቀመንበር። የእርስዎን ያሳርፉት።»

አሮጌው ኦቦንዮ ከዳር ሆኖ ተንከተከተ። ታስታውሺዋለሽ፣ ብስክሌት ጠጋኙ። «እሺ፣ የጸሐፊው ሚስት ማንበብ የጀመረችው ደግሞ መቼ ነው?»

«አንተ ጥርስ በነበረህ ጊዜ።»

ሰው ሲስቅ ፋታ አገኘሁና ወረቀቱን ከፈትኩ። አንቀጽ አሥራ አራትን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። አነበብኩት። ከዚያ በኦኬች እጅ የተጻፈውን የመበለቶች አንቀጽ አወጣሁና ቀኑን አነበብኩ፤ ኦገስት 21 ቀን 1999።

«ይህን ቀን የሚያስታውስ አለ?»

«የኦጁኪ ቀብር ነዋ፣» አለ ኦቦንዮ። «የበሬው ጭንቅላት ደርሶኝ አልነበር።»

«ለዚያ ስብሰባ ከሃያ አንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ተነግሮሃል?»

«ለቀብሩ?»

«ለቀብሩ።»

«አንቺ ደግሞ። በሞተ በዘጠነኛው ቀን ቀበርነው፤ ከየት መጥቶ?»

«እንግዲያው ኦጁኪ እንደሚሞት አስቀድሞ በጽሑፍ ካላሳወቀን በቀር ይህ አንቀጽ አልጸደቀም» አልኩ።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ እየቀጠነ ሄደ። ያን ቀን እጅ ያወጡት አብዛኞቹ እዚያው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ኔኬሳ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልክ ናቸው፣» አሉ። «ይኸ አንቀጽ በደንቡ መሠረት አልገባም። እዚህ ከባሏ ጋር አባል ቁጥር አሥራ ሰባት ተብላ የተመዘገበችው አዊቲም ከአባልነት አልተሰረዘችም።»

አዊቲ፣ ስምሽ ከዚያ ሾላ ሥር ከተጠራ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ሹሟ ግን ቀጠሉ። መዝገብ ቤት ያለው ቅጂ ያንን አንቀጽ ይዞ ነው የተመዘገበው። በሠላሳ ቀን ውስጥ አዲሱ ደንብ ጸድቆ ካልገባ አሮጌው እንዳለ ይቀጥላል፤ የአኬዮም ቧንቧ ይነሣል። ስለዚህ ያዘጋጀነውን አዲስ አንቀጽ አነበብኩ፦ «አባል ማለት ውኃውን የሚቀዳ ሰው ነው። የአባል ባል ወይም ሚስት ሲሞት አባልነቱ አይሞትም። የማንም እጅ በሌላ ሰው አይነሣም። ቀብር ላይ ጉባኤ አይደረግም።»

«ከምሳ በኋላም ቢሆን?» አለ ኦቦንዮ።

ኦግዌኖ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የኦኬችን የሬሳ ሣጥን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ወረቀት ከወደድሽ በወረቀት እንሂድ፣ የኦዱር እናት። ሁለት ሦስተኛ ይላል አይደል? ከሠላሳ ዘጠኝ ሃያ ስድስት መሆኑ ነው። እስቲ ከእኔ ጋር የሚሄድ ይነሣ።»

እሱን ጨምሮ አሥራ ሦስት ሰው ተነሥቶ ከግቢው ወጣ። ሃያ አምስት ቀረን። ሃያ አምስታችንም እጃችንን አነሣን፤ ኦቦንዮ ሳይቀር። አኬዮ ወይዘሮ ኔኬሳ ቆጥረው ከጨረሱም በኋላ እጇን አላወረደችም። ቢቆጠር ቢቆጠር ሃያ አምስት ነው።

አንቀጽ አሥራ አምስት፣ በጉባኤው ያልተገኘ አባል በሠላሳ ቀን ውስጥ ድምፁን በጽሑፍ ፈርሞ መላክ ይችላል ይላል። ረግጠው የወጡት ተገኝተው ስለነበር ይህ አንቀጽ አይመለከታቸውም። በጉባኤው ያልተገኘች አንዲት አባል ብቻ ናት። አንቺ ነሽ።

ወደ ቤት ስንመለስ አኬዮ ጠየቀችኝ። «እማማ፣ ይህን ነገር መቼ ነው ያወቁት?»

«በቅርቡ፣ ሣጥኑን ሳጸዳ» አልኳት። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ እውነት ከተናገርኩ በኋላ ለአንዲት ልጅ ዋሸሁ።

ይኸው አሥራ ስድስት ቀን አለፈ፤ የቀረን አሥራ አራት ነው። አኬዮ «ለአክስት አዊቲ አጭር አድርገው ይጻፉላት፤ እዚህ ጋ ፈርሚ ይበሏት፣ በቃ» ትለኛለች። እንደዚያ ባደርግ ትፈርሚ እንደነበር አውቃለሁ። አንቺ ለማታውቂው ሰው ልጅም ትፈርሚያለሽ። ነገር ግን ሰው የማያውቀውን ነገር ደግፎ ሲያወጣው የነበረውን እጅ አይቻለሁ፤ ስድሳ አንድ ነበር። ያንቺን እጅ እንደዚያ አልፈልገውም። መጀመሪያ እወቂ። ያወቅኩትን ደብቄ፣ ቧንቧሽን ወስጄ፣ ሻይ ስቀዳ የኖርኩት ሴት ናት የምትጠይቅሽ። ይህን አውቀሽ እንደ ልብሽ አድርጊ።

ምሕረት ለመለመን አልጻፍኩም። እሱን ከፈለግሽ በራስሽ ጊዜ ትሰጪኛለሽ፤ ካልፈለግሽም ያንቺ ነው። አንቺ ባትፈርሚ አኬዮና እኔ ከምንጩ በጀርባችን እየቀዳን ሌላ ጉባኤ እንጠራለን። ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት። ወረቀትም ብዕርም አለኝ። ይህን ለኦግዌኖ ደጁ ድረስ ሄጄ ነግሬዋለሁ።

ቧንቧሽን በተመለከተ ግን የማንንም ድምፅ አልጠበቅኩም። ባለፈው ሳምንት አኬዮና እኔ በመቆፈሪያ ቦዩን ቆፍረን ከደጄ ነቅለን ግቢሽ ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር ተከልነው። ኦግዌኖ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ አየን።

«ኮሚቴው ሳይፈቅድ?» አለ።

«ሲነቀልም ማኅበሩ አልፈቀደም ነበር» አልኩት።

«ቁልፉን ጠበቅ አድርጊው፤ ይፈሳል» ብሎኝ ሄደ። አጠበቅኩት። አሁን ውኃ የምቀዳው ካንቺ ግቢ ነው፤ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። ጉልበቴ ያማርራል። ያማርር።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከዚያ የቀብር ቀን ገጽ ጎን አስቀምጬዋለሁ። የሚመጣው እሑድ ከጸሎት በኋላ ለሴቶቹ በገዛ አፌ አነብላቸዋለሁ፤ አኬዮም ትሰማለች። ሰኞ የኦጁኪ ቀብር ሃያ አራተኛ ዓመቱ ነው። ለሞተው ባልሽ ከዚህ የተሻለ የማደርግለት የለኝም።

የተራራው ጌታ ይጠብቅሽ። አጁዋንግ ወልዳ ለማሳም ያብቃት። የምትጠጪው ውኃ ሁሉ በሄድሽበት ይጣፍጥሽ። ማንጎው ላንቺ የተቀመጠ አንድ ቅርንጫፍ አለው፤ ልጆቹን አስጠንቅቄአለሁ፤ አልሰሙኝም፤ ቢሆንም አስጠንቅቄአለሁ።

አፖንዲ፣ የኦዱር እናት
በገዛ እጄ የጻፍኩት

ይህን ደብዳቤና አብሮት ያለውን የድምፅ ወረቀት የምትቀበለው፦ አዊቲ፣ የኦጁኪ ሚስት፣ ሊኮኒ፣ ሞምባሳ፤ የኮዌሮ ውኃ ማኅበር አባል ቁጥር አሥራ ሰባት።